ወንዙን በአምስት ሰዓት

ስለ ራሴ ራሴው ልጀምር፤ ሌላ ሰው ቢጀምርልኝ ያሳንሰዋል። ስሜ ተሰማ ነው። ጉርድ ሾላ በሚገኘው የጉዞ ቢሯችን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም፣ ካርታ በማንበብ የሚበልጠኝ ባለ ዲግሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከአዲስ አበባ ተነስተው ባሌ ተራሮች ወጥተው፣ ቀይ ቀበሮ አይተው፣ ጉንፋን እንኳ ሳይይዛቸው ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ የሄዱት እኔ ባወጣሁት ዕቅድ ነው። ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ የት እንደሚታደር፣ ስንት ፈረስ እንደሚያስፈልግ፣ ማን ሥጋ እንደሚበላና ማን እንደሚጾም የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር አልደብቅም። ይህን ሁሉ ስሠራ ፓርኩን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ቢሮው ለአንድ ሳምንት እንኳ ሊለቀኝ አልቻለም፤ እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል። የማያውቁ ሰዎች «ሳታየው እንዴት?» ይሉኛል። ሐኪምም ሆድ ለማከም ሆድ ውስጥ አይኖርም።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ጡረታ ስለወጣሁ ነው። አሁን ዕቅዱን የሚያወጡት ወጣቶች ኮምፒዩተር ላይ መስመር ይጎትቱና ማሽኑ ርቀቱን ይነግራቸዋል። ጎበዞች ናቸው። ግን ማሽኑ የማይነግራቸው ነገር አለ። እሱን እዚህ ላይ ላኑርላቸው፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

የተወለድኩት ቀበና ነው። ቢሮው የገባሁት በዘበኝነት ነበር፤ የድንኳን መጋዘን እጠብቅ ነበር። ከጉዞ የተመለሰ ድንኳን ካልደረቀ ይሻግታልና ጣራ ላይ እያሰጣሁ ውዬ፣ ሲሰለቸኝ መጋዘኑ ውስጥ የተጣሉትን አሮጌ ካርታዎች እዘረጋለሁ። አንድ ቀን የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወርቅነህ ድንገት ገቡ። የመሬት ቀያሽ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከኪሳቸው ሲባጎ የማይጠፋ ሰው ናቸው።

«አንተ፣ ምን ታያለህ?»

«ካርታ ነዋ ጋሼ።»

«ገልብጠኸዋል።»

«አውቄ ነው። ከደቡብ ስመጣ ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ነው።»

አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ክብ ክብ በሆኑት ቡናማ መስመሮች ላይ አሳረፉ። «እነዚህ ሲቀራረቡ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል፤ ሲራራቁ ዘፈን ይመጣልሃል። ይኸው ነው ካርታ» አሉኝ። በማግስቱ ካርታ አስይዘውኝ ከቀበና ሽቅብ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ወሰዱኝ። መስመሮቹ በተቀራረቡበት ሁሉ እያስቆሙ «ጉልበትህስ?» ይሉኛል፤ ጉልበቴም ልክ ካርታው እንዳለው ነበር። ትምህርቱ ያቺ አንድ ቀን ናት። የቀረውን ራሴ ነኝ የተማርኩት።

ጋሽ ወርቅነህ ብዙ ልማድ ነበራቸው፤ አብዛኛውን ወርሻለሁ። ርቀት በማስመሪያ አይለኩም፤ ሲባጎውን አርጥበው በመንገዱ ጥምዝ ሁሉ ላይ ያስተኙና ኋላ ይዘረጉታል። መንገደኛው ቢሮ ሲመጣ ስለ ጤናው ከመጠየቃቸው በፊት ጫማውን ያስወልቁታል። ሶሉ አዲስ ከሆነ «ይህን አንድ ወር ኮተቤ ገበያ እየሄድህበት ተመለስ» ብለው ይሸኙታል። ላምባና በሶ አንድ ፈረስ ላይ አይጭኑም። ላምባ የሸተተ በሶ ለሦስት ቀን የበላ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

የፈረሶቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ እስላሞች፣ መንገደኞቹ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ጭልፋ ይላካል። አንድ ጊዜ አንድ ድስት ብቻ ተልኮ፣ በግ የያዘ ቡድን አራት ቀን ሙሉ ሽሮ በልቶ ተመልሷል፤ በጉም አብሮ ተመልሷል።

አንዱን ልማዳቸውን ግን አልወረስኩም። ጋሽ ወርቅነህ በስልክ የተነገራቸውን ሰዓት እንዲሁ አይቀበሉም ነበር። ባሌ ያለው ሰው «በዚህ ሰዓት ይደርሳሉ» ሲላቸው፣ «ያኔ ጀንበር የት ናት?» ብለው ይጠይቃሉ። «ከፊታቸው ናት? አናታቸው ላይ ናት? ጥላቸው የት ይወድቃል?» ሰውየው ግራ እየተጋባ እስኪመልስ ይጠብቃሉ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወንበሩ ለእኔ ሲደርስ ይህን ተውኩት። የዘመኑ ሰው ሁሉ ሰዓት አለው፣ ጥላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው።

እኔም የጨመርኩት ነገር አለ። ማንኛውም ቡድን ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት ከኮተቤ ጀርባ ተነስቶ ቦርሳውን ተሸክሞ የእንጦጦን ዳገት እንዲወጣ አደርጋለሁ። አብሬ እወጣና በየተራ ወሬ አስወራቸዋለሁ። እየወጣ ቀልድ እስከ መጨረሻው መናገር የሚችል ሰው ባሌን ይችላል። መሃል ላይ ቆሞ «ከዚያማ ምን ሆነ መሰላችሁ» የሚል ሰው ቀስ ብሎ መሄድ አለበት፤ የቡድኑ ፍጥነት የእሱ ፍጥነት ይሆናል። ይህን ከማንም አልተማርኩም።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከስድስት ዓመት በፊት ሰባት የኮተቤ መምህራን መጡ። መምህር የሚያርፈው በክረምት ስለሆነ ጉዟቸው በነሐሴ ነበር። ከመሃላቸው በዕድሜ የምትበልጠው መምህርት ፀሐይ ነበረች፤ የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ የአማርኛ አስተማሪ። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች። እንጦጦን ስንወጣ የተናገረችው ቀልድ ጫፍ ላይ ደርሰንም አላለቀም ነበር። «ይህቺ ሴትዮ ትችላለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ልክ ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጉዞ አንድ ወንዝ ነበር። እንዴት እንደሚሻገሩት ልጠይቅ ለሁሴን ደወልኩ። ሁሴን እዚያ ተራራ ላይ ያደገ፣ ለቢሯችን ፈረሶቹን የሚመራ ሰው ነው። እኔ በእናቴ በኩል ኦሮምኛ ጥርት አድርጌ እናገራለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ በአማርኛ ነበር የማወራው። ሁሴንም በአማርኛ መለሰልኝ።

«ከሰፈሩ ተነስተው ወንዙን በአምስት ሰዓት ይሻገራሉ» አለኝ።

«በአምስት ሰዓት?»

«በአምስት ሰዓት፣ ኦቦ ተሰማ።»

ጻፍኩ። እስከ ወንዙ የአምስት ሰዓት መንገድ። ውርጭ እስኪለቅ፣ ቁርስ እስኪበሉ፣ መነሻ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ወንዙን መሻገሪያ ስምንት ሰዓት። ጭነቱ በጠዋት ቀድሞ ይሄዳል፤ ፈረሰኞቹ ማዶ ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ። ወረቀቱ ላይ የቢሮው ማኅተም አረፈ። የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ ማኅተም የሌለው ወረቀት አትወድም፤ ማኅተም ያለውን ደግሞ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

ሁሴን ግን እየነገረኝ የነበረው የመንገዱን ርዝመት አልነበረም። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ወንዙን አልፈው መገኘት አለባቸው ማለቱ ነበር። በነሐሴ ላይኛው አምባ ላይ ቀትር ሲሆን ዝናብ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያ ወንዝ ሰው አያሳልፍም።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ቡድኑን ከአዲስ አበባ ይዞ የሄደው አስጎብኚያችን ዳዊት ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ ያለከልካል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ወንዙ ሞልቷል። እኛ ወዲህ ነን፤ ፈረሶቹ ወዲያ ናቸው።»

«ድንኳኑስ?»

«ወዲያ።»

«ምግቡ?»

«ሁሉም ወዲያ ነው። የመምህርት ፀሐይ መድኃኒትም ፈረስ ላይ ነው። እንዳይሰበር ጭነት ውስጥ ይግባ ብለው ጽፈዋል።»

ጽፌያለሁ። ወረቀቱ ፊቴ ነው፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ሁሴን ጠዋት ቶሎ እንድንነሳ ጨቅጭቆን ነበር» አለ ዳዊት። «ወረቀቱን አሳየሁት። ‘ማኅተም ወንዝ ያቆማል ወይ?’ ብሎኝ ፈረሶቹን እየነዳ ሄደ። እንከተለዋለን ብሎ አስቦ ይሆናል። እኛ ቁርስ በላን።»

ከጀርባው ሰዎች ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። አንዱ መምህር እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሻገር ይላል። መምህርት ፀሐይ መርፌዋን የምትወጋው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ እየወረደ ነው። ቆሜ እንደነበር ያወቅኩት ወንበሩ ሲወድቅ ነው።

«ዳዊት፣ ስማኝ። ማንም ውሃው ውስጥ እግሩን እንዳያስገባ። ማንም። እኔ እዚህ ሆኜ እምልልሃለሁ፣ የገባ ሰው አይወጣም።»

«እሺ፣ እዚህ ግን መጠለያ የለም።»

እዚህ ላይ ችሎታዬን ልንገራችሁ። ከጉዞ የሚመለስ ሰው ሁሉ ያየውን ሳይነግረኝ ከቢሮዬ አይወጣም፤ እኔም በየወንዙና በየጉብታው ለይቼ በደብተር እጽፋለሁ። ደብተሩን ገለጥኩ። ከዚያ ቀን አራት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የወፍ ተመራማሪ ስለ አንድ ዋሻ ነግሮኝ ነበር፤ ከወንዙ ወደ ኋላ፣ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከሚያልቁበት በስተግራ፣ እረኞች ከብት የሚያስጠልሉበት፣ አሥር ሰው የሚይዝ። ካርታው ላይ የለም። ደብተሬ ላይ ግን አለ።

«ጅብራ ታያለህ?»

«አያለሁ።»

«የመጨረሻዋ ጅብራ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ዙር። ድንጋዩ ጥቁር ነው። መሬቱ ላይ ኩበት ካገኘህ ደርሰሃል።»

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ደወለ። «ኩበት አግኝተናል፤ ደረቅ ነው» አለና ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ያቺን ሌሊት አልጽፋትም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ሲጮኽ ያነሳሁት በሁለት እጄ ነው።

«አቶ ተሰማ፣ ደኅና አደሩ?»

መምህርት ፀሐይ ናት። እሷ ናት እኔን የምትጠይቀኝ።

«እርስዎ ደኅና ነዎት?» አልኳት።

«መርፌዬን በሰዓቱ ተወግቻለሁ። ሁሴን የሚባለው ሰውዬ ቦርሳዬን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ፣ ሽቅብ ወንዙ እስኪጠብ ድረስ ሄዶ፣ በሌላ በኩል ዞሮ ከመምሸቱ በፊት ደረሰልኝ። በሶም ይዞ መጥቷል። እዚህ የከብት ቤት ውስጥ ተኮራምተን አድረናል። እርስዎ ግን ድምፅዎ ጥሩ አይደለም፤ ቁርስ በልተዋል?»

አልበላሁም ነበር። ስልኩን ስዘጋ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሰብለ ገብታ አየችኝና እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበና፣ ጋሽ ወርቅነህ ቤት ሄድኩ። ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ጀንበር የት ነበረች?» አሉኝ።

«አልጠየቅኩም ጋሼ።»

«ብትጠይቀው ‘ከፊታቸው፣ ከፍ ብላ፣ ገና አናት ሳትደርስ’ ይልህ ነበር።»

«አዎ።»

«እና አምስት ሰዓት ለሄደ ሰው ጀንበሯ የት ነው የምትሆነው?»

«አናት አልፋ።»

«በል እንግዲህ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ፊታቸውን ሳይመልሱ ደግሞ፣ «የዋሻዋ ነገር ግን ጥሩ ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም ነበር» አሉ። ይህን ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ አልጨመርኩም።

መምህራኑ ሲመለሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ ጠበቅኩ። ወይዘሮ ሰብለ «መጀመሪያ የበደልካቸው ይናገሩ» አለችኝ። መምህርት ፀሐይ ብቻዋን መጣች። ያንን ማኅተም ያለበትን ዕቅድ ይዛለች፤ ዝናብ ያበላሸው ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ሁሴን ምን እንዳለዎት ጠይቄዋለሁ» አለች። «ጥፋተኛው ይህ ነው።» በቀይ የተከበበ አንድ ፊደል አሳየችኝ። «‘በ’። በአምስት ሰዓት ተነሳሁ ስንል ሰዓቱን ነው፤ በአምስት ሰዓት ጨረስኩት ስንል የፈጀውን ጊዜ ነው። አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ይሠራል። ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምረው ሰው ይገድላል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሁሴን ደግሞ ምን አለ?»

«‘በኦሮምኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ አንሳሳትም ነበር፤ እዚያ ሁለቱ አይቀላቀሉም’ አለ። ኦሮምኛ አይችልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ‘ከእኔ ይበልጣል፤ ግን ቢሮ ሲገባ ይጠፋበታል’ አለኝ።»

«እውነቱን ነው» አልኳት። ይህ በእኔ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስልሳ ከመቶ ብላ ጽፋለች። «ዋሻው ባይኖር ኖሮ ሠላሳ ነበር የምሰጥዎት» አለችኝ። «አሁን ደብዳቤዎን ይቅደዱት። ቀይ ቀበሮዋን አላየሁም፤ አገሩ በጭጋግ ተሸፍኖ ነው የተመለስነው። እንደገና መሄዴ አይቀርም፤ ዕቅዱን ደግሞ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው እንዲያወጣው ነው የምፈልገው።»

ደብዳቤውን ቀደድኩት። የዚያኑ ዕለት በዕቅድ ወረቀታችን ላይ ከሰዓቱ ጎን አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፤ «ጀንበር» ይላል። ከሁሴን ጋርም በኦሮምኛ ማውራት ጀመርኩ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ባይሰሙኝ አልጎደለብኝም።

መምህርት ፀሐይ ቶሎ አልተመለሰችም። ጡረታ ወጣች፤ ጉልበቷን ታመመች፤ ዳነች። ዘንድሮ፣ እኔ ልወጣ አንድ ወር ሲቀረኝ፣ ከዘራ ይዛ መጣች።

«አሁን ትምህርት ቤት አይጠራዎትም» አልኳት። «በኅዳር ይሂዱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙም ቁርጭምጭሚት አይደርስም።»

«በነሐሴ ነው የምሄደው። ያን ወንዝ ሲሞላ አይቼዋለሁ፤ ሳይሞላ ቀድሜው ማለፍ እፈልጋለሁ።»

«ዕድሜዎ...»

«የእርስዎስ ስንት ነው?»

ስልሳ ሰባት አልኳት። «እንግዲያ በአንድ ዓመት አንሳለሁ ብለው አይመጻደቁብኝ። እርስዎም ይመጣሉ። ሳያዩት ነው የላኩኝ።» ወይዘሮ ሰብለ ከጀርባ ሆና ሳቀች። ሥራው ይቆማል አልኳት። «ይቁም» አለችኝ።

የመጨረሻ ዕቅዴን እንደ መጀመሪያዬ በሲባጎ ለካሁት። ወደ ሁሴን ደውዬ ወንዙን ጠየቅኩ፤ በኦሮምኛ ጠየቅኩ፤ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። ጀንበር የት እንደምትሆን ስጠይቀው ሳቀና «ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ናፍቄው ነበር፤ ሽማግሌው ይጠይቁኝ ነበር» አለ። መድኃኒቷ በአንገቷ በሚንጠለጠል ከረጢት፣ ከሹራቧ ስር ሆነ። ፈረስ ላይ ምንም መድኃኒት አልጫንኩም። እንጦጦንም አብረን ወጣን፤ ቀልድ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ቆሜ «ከዚያማ ምን ሆነ መሰላችሁ» አልኩ። የቡድኑ ፍጥነት የእኔ ሆኖ ተመዘገበ።

ባሌን ምን ብዬ ልግለጸው። መስመሮቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦታ እዚያም ባዶ ነው፤ ግን ባዶው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ሲባጎ አይነግርም። ሁለት ቀን ሄደን ያለፍነው ካርታው ላይ የአንድ አውራ ጣት ያህል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን በውርጭ ላይ ሄድን። ቁርስ በኪስ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጀንበር ከፊታችን፣ ከፍ ብላ፣ ገና አናት ሳትደርስ ነበረች። ውሃው የሽንብራ ቂጣ በመሰሉ ድንጋዮች መካከል ይንሿሿል። ሁሴን ፈረሱን ይዞ መሃል ላይ ቆመ፤ መምህርት ፀሐይ ከዘራዋን እየተከለች አለፈች። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

«አቶ ተሰማ» አለች ከማዶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰዓቱን ይተዉትና ወደ ቀኝዎ ይመልከቱ።»

ቀይ ቀበሮዋ ከእኛ አንድ ሃምሳ እርምጃ ርቃ አንድ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጣ ቆማለች። ጆሮዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኛን ከቁም ነገርም አልቆጠረችን። መምህርት ፀሐይ ስታለቅስ አይቼ ዞር አልኩ፤ እኔም ዓይኔ ውስጥ ንፋስ ገብቶ ነበር። ስድስት ዓመት ደረቴ ላይ የነበረው ነገር የት እንደወረደ አላውቅም፤ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ሳስበው አልነበረም። ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። እኛ ድንኳን ውስጥ ነበርን።

እንግዲህ የቻልኩትን ልዘርዝር፤ ከዚህ በኋላ የሚጠይቀኝ ካለ ይህን ያንብብ።

ካርታ ማንበብን በራሴ ተምሬያለሁ፤ አንዱን ቀን ጋሽ ወርቅነህ አግዘውኛል።

ድንኳን እንዳይሻግት አድርጌ፣ በሶ ላምባ ሳይሸት፣ ድስት ከድስት ሳይደባለቅ ሃያ ስድስት ዓመት ልኬያለሁ።

ካርታ ላይ የሌሉ አሥራ ሦስት ዋሻዎችን በደብተር መዝግቤያለሁ፤ ደብተሩን ለወጣቶቹ አስረክቤያለሁ።

አንድ ጊዜ ሰባት መምህራንና አንድ አስጎብኚ ለአደጋ አጋልጫለሁ፤ ስምንቱም ተመልሰዋል።

የዕቅዱ ወረቀት ላይ የጀንበርን ዓምድ አስገብቻለሁ፤ ኮምፒዩተሩም ላይ እንዲገባ አስደርጌያለሁ።

መምህርት ፀሐይን ረፋድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወንዙን አሻግሬ፣ ቀበሮዋን አሳይቼ፣ ኮተቤ ቤቷ በር ድረስ አድርሻለሁ። ዘጠና ሰጥታኛለች። አሥሩን ለምን እንደቀነሰች አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኩም።

በስልሳ ሰባት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ ላይ ወጥቼ አንድ ሙሉ ዳገት ጋልቤያለሁ። ልጓሙን የያዘው ሁሴን ነበር፤ እሱ ሥራው ነው።